ማተብ ላይ የፈሰሰ ሽቶ

ፓርማ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእቴ ታየች፤

እንደምን ከረምሽ? ጣራው በክረምቱ አላስቸገረሽም? ወገብሽስ? እኔ በአጥቢያችን በኪዳነ ምሕረት ጥበቃ ጤና ነኝ። ስልክሽ ላይ ብደውል ብደውል እምቢ አለ። መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ አሉኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩ። ይህን የምታመጣልሽ መቅዲ ናት፤ እዚህ ከእኔ ጋር በአንድ ቤት የምትኖር የደብረ ማርቆስ ልጅ። ለእህቷ ሠርግ ወደ አገር ትገባለች።

የማስታምማት አሮጊት፣ ሲኞራ አልዳ፣ በመስከረም ሞተች። አራት ዓመት ሙሉ አጠብኳት፣ አጎረስኳት፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት። ጠዋት ታጥባ ከአንገቷ ሥር ሽቶ ጠብ ካላደረግኩላት ቁርስ አትበላም ነበር። "ለማን ነው? ሰው አይመጣ" ስላት "ፖስተኛው ቢመጣስ" ትለኛለች። ልጇ ዕቃዋን ሲያወጣ ያልተከፈተ ጠርሙስ አገኘና "ይኼ ያንቺ ነው" ብሎ ሰጠኝ። እኔም ላንቺ ላክሁት።

ቫዮሌት ከምትባል ትንሽ ሐምራዊ አበባ የተሠራ ነው፤ ከአበባዋም ከቅጠሏም። እንደሌላው ሽቶ ጣፋጭ ብቻ አይደለም። እዚህ አረንጓዴ ሽታ ይሉታል። መጀመሪያ ለአልዳ የቀባሁላት ቀን ጣቴን አሸተትኩና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ለመኖሪያ ፈቃዴ የቤተሰብ ወረቀት ሲያስሞሉኝ አባት በሚለው ላይ "ሟች" ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ "መቼ? የት?" አለችኝ። አባቴ ሙላት የሞተው የት ነው እቴ? ማን መጥቶ ነገረሽ? እባክሽ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ።

እናቷ ከሞተች በኋላ እናት የሆንሽላት ልጅሽ፣
የብርጓል

*

ደብረ ኤልያስ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

ኪዳነ ምሕረት በምትሄጂበት ትቅደምሽ፣ በምትመለሺበት ትከተልሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ጉባኤ ስለሄዱ ግቢው ጭር ብሏል። የሚያነበንብ ድምፅ ለምጄ ኖሬ አሁን የምሰማው የራሴን እግር ነው።

ወለተ ሰንበት እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች። የእናትሽ ባልንጀራ፣ ያቺ ቀልደኛ፣ ዓይኗ ጨርሶ ደክሟል። "ነጮች ዓይን ይቀይራሉ ይባላል፤ የብርጓል አንዱን እንኳ ብትልክልኝ ምናለ፣ ሁለት አልጠየቅሁ" ትላለች።

ጠርሙሱ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመበለት ግን ሽቶ ምኗ ነው ልጄ? ሰው ቢሸተው ታየች ዛር ተነሣባት ይለኛል። ሳልከፍተው ሣጥን ውስጥ ከመሪጌታ ካባ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለማንም አልነገርሁም። ሌላ ጊዜ ሰው ስታገኚ ሽቶ አትላኪ። መነጽር ላኪልኝ፤ ፊደሉ እየራቀኝ ነው።

ስለ አባትሽ ከነገርሁሽ ሌላ የለም። ዘመቻ ሄዶ ቀረ። በዚያ ዘመን ስንቱ ቀርቷል።

ብርዱ እንዳይጎዳሽ ደርበሽ ልበሺ።

እቴሽ ታየች

*

ፓርማ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴ፤

ጤናሽን፣ ከብትሽን፣ ደጅሽን ሁሉ ደኅና ያድርግልኝ። መነጽሩን ልኬልሻለሁ። ከመቅዲ ወንድም ከአበባው እጅ ትቀበያለሽ፤ ሚኒባስ ስለሚነዳ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ይመላለሳል። ለወለተ ሰንበት ዓይን ባላገኝላት ካልሲ ገዝቼላታለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጤፉ ብዙ ጽፈሽልኛል፤ ስለ አባቴ ግን ሁለት መስመር ብቻ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ለእናቴ ተዝካር ሲወጣ አስታውሳለሁ፤ ድንኳኑን፣ ካህናቱን፣ መሪጌታ ስሟን በየቅዳሴው ሲያስጠሩላት። ለአባቴስ ለምን ተዝካር አልወጣም? ሞቷል ካላችሁኝ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሲለቀስለት አላየሁም።

ሌላም አስታወስኩ። ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ከጎተራው ጀርባ ተቀመጣችሁ። አንቺ በጣትሽ እየተከተልሽ፣ መሪጌታ እንዳይሰሙ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አነበብሽላት። እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም። ያ ወረቀት ከማን ነበር?

ሽቶውን ደግሞ ስለ እኔ ብለሽ ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ተቀቢው። ማንም አያውቅብሽም። ከአንገትሽ ሥር፣ ደም ሥር ትር ትር የሚልበት ላይ፣ ሁለት ጠብታ ብቻ። ምን እንዳስታወሰሽ ንገሪኝ።

የብርጓል

*

ደብረ ኤልያስ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየብርጓል፤

ጾሙን ከእነ ጤናሽ ያስፈጽምሽ። መነጽሩ ደርሷል፤ በደንብ ያሳያል። ወለተ ሰንበት ካልሲውን እጇ ላይ አጥልቃ "ይህ ነገር ጣቶቹ ምነው አነሱ" ብላ አሳቀችን።

ሽቶውን ተቀባሁ። እንዲህ ሆነ።

ኪዳነ ምሕረት ዘንድሮ ከቅበላ ጋር ገጠመች። ማለዳ ተነሥቼ ሣጥኑን ከፈትሁ። የከፈትሁት ስላልሽኝ ብቻ አይደለም። አንቺን ያስለቀሰሽ ነገር እኔ የምፈራው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጠርሙሱን ሳዘነብለው ሁለት ጠብታ ያልሽው በዝቶ ፈሰሰና ከአንገቴ ወደ ደረቴ ወረደ።

መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ሣር ሲያጭዱ በማጭዱ ስለት ላይ የሚቀረውን ውሃ ታውቂዋለሽ፣ ሣርም ብረትም የሚሸተውን? እሱን ሸተተኝ። ቀጥሎ ጤዛ ያለበት የባቄላ ማሳ። ቀጥሎ የወንዙ ዳር። እዚያ ቋጥኙ ሥር ጥላ ቦታ የምትበቅል ትንሽ ቅጠል አለች፣ አበባዋ ሐምራዊ። እናትሽ ማሬ እየቀጠፈች በመዳፏ አሽታ አንገቷን ትቀባ ነበር። ሌላ ሴት ያን ስታደርግ አላየሁም።

አጥሩን ሳልወጣ ሽታው ጠፋ። ድርግም ነው ያለ። በነነ ብዬ ደስ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ በሴቶች በኩል ቆምሁ። ቅዳሴው ሲጋመስ ከየት መጣ ሳልል ተመለሰ፤ አሁን ቅጠል ሳይሆን አበባ ሆኖ፣ እንደ ሕፃን አንገት ለስላሳ። እንደገና ጠፋ። እንደገና መጣ። ዘወር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ግድግዳው ነው።

ስንወጣ ወለተ ሰንበት ክንዴን ያዘችኝ።

"አንቺ ታየች፣ አጠገባችን ማን ነበር የቆመ?"

"ማንም።"

"ነበር እንጂ። የጠፋ ዓይኔ ነው፣ አፍንጫዬን አላጣሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መንገድ ስትወርድ የምትሸተው ነው የሸተተኝ።"

"ማን?"

"ማን ትለኛለች! ማሬ ናታ። ነፍሷን ይማርና አስቀድሳ ሄደች።"

ቤቴ ገብቼ አንገቴን በሳሙና አጠብሁ፣ በአመድ ፈተግሁ። ነጠላዬን ሦስት ጊዜ በእንዶድ አጠብሁት። እኔን አይሸተኝም። ወፍጮ ቤት ስሄድ ግን ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ውሃ ስቀዳ፣ ጎንበስ ስል፣ ድንገት ከአገጬ ሥር ይነሣል፤ ቀና ስል የለም። ሰው ሲከተል እንዲህ ነው፤ ስትዞሪ ይቆማል።

ኋላ ነው የገባኝ። የፈሰሰው ማተቤ ላይ ነው። መሪጌታ በሠርጋችን ማግስት በእጃቸው ያሰሩልኝ ጥቁር ክር ጠጥቶት ኖሯል። ነጠላ ይታጠባል፣ ሻሽ ይጣላል። ማተብ ግን አይፈታ። አንገቴ ላይ ይዤው እዞራለሁ።

ይህ ሽቶ ምን የገባበት ነው? ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

እቴሽ ታየች

*

ፓርማ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ስላስደነገጠኝ ሽቶ የሚቀምሙበት ሱቅ ሄጄ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። የቫዮሌት ጠባይ ነው አለችኝ። አፍንጫን ያደነዝዘዋል፤ የተቀባው ሰው ጥቂት ጊዜ ይሸተውና ይጠፋበታል፣ አፍንጫው ሲያርፍ ደግሞ ይሸተዋል። ሽቶው ግን የትም አልሄደም። የሚጠፋው ለተቀባው ሰው ነው፤ በአጠገቡ ያለው ሁሉ እየሸተተው ነው። ስለዚህ መንፈስም ሰይጣንም አይደለም፤ አይዞሽ። ማተቡንም ፈተሽ በሙቅ ውሃ ብታጥቢው ይለቃል።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ነበር። አልቻልኩም።

አንድ ነገር አልገባኝም እቴ። ሰው የሚወደው ሟች ሲሸተው ያለቅሳል እንጂ አይሸሽም። እናቴን ለምን ፈራሻት? ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወርደው ለገበያ ይመስለኝ ነበር፤ ወደ መንገድ እንደነበር አሁን ገና ከአንቺ ሰማሁ። አባቴ ሞቶ ከነበረ፣ ማንን ልትጠብቅ ነው የወረደችው?

እናት ብዬሻለሁ። ሌላ እናት የለኝም። እውነቱን ንገሪኝ።

የብርጓል

*

ደብረ ኤልያስ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የብርጓል፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልኝ። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ማተቡን ልፈታ እጄን ሰድጄ ነበር። አልሆነልኝም። የነፍስ አባቴ አባ የኋላሸት ዘንድ ሄድሁና አዲስ እሰሩልኝ አልኋቸው።

"ይኸኛው ምን ሆነ? አልተበጠሰ" አሉኝ።

"ይሸታል፣ አባ።"

ቀረብ አሉና "ሽታው መልካም አይደለም እንዴ?" አሉ።

"መልካም ስለሆነ ነው።"

ከዚያ ሁሉን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

"ከእኔ ዘንድ ንስሐ ስትገቢ ስንት ዓመትሽ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታዲያ ምን ስትነግሪኝ ኖርሽ?"

"ቁጣዬን። ጾም መግደፌን።"

"ስግደት አልሰጥሽም፤ ስግደት ይቀልሻል" አሉኝ። "ለእናቲቱ ያነበብሽውን ለልጅቱ እንደገና አንብቢ። አሁን እንደ ተጻፈው። ከዚያ ነይና አዲስ ማተብ አስርልሻለሁ።"

ማንበብ የተማርሁት ከአጥር ጀርባ ነው። መሪጌታ ሕፃናቱን ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ እህል እየለቀምሁ በልቤ እቆጥር ነበር። መሪጌታ እስኪያርፉ አላወቁም። የምታውቅ ማሬ ብቻ ነበረች፤ የአክስቴ ልጅ፣ ጎረቤቴ፣ ምስጢረኛዬ። ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. በመጋቢት አባትሽ ደብዳቤ ሲልክላት ለወንድ ማስነበቡን አፍራ ወደ እኔ አመጣችው። እኔ ያነበብሁላትን የሚያርም ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤

"ለባለቤቴ ለማሬ። ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ልጄ የብርጓልስ? ይህን የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ አወቀ ነው። ግራ እግሬን ተመትቼ ሐኪም ቤት ከርሜ ወጣሁ። አነክሳለሁ እንጂ ሌላ የለብኝም። አሁን ዱብቲ ጥጥ እርሻ በጥበቃ ተቀጥሬአለሁ። አንድ ክፍል ቤት አግኝቻለሁ፣ ውሃ ቅርብ ነው። ልጄን ይዘሽ ነይ። መንገዱን የምትፈሪው እንደሆነ ላኪብኝ፤ ደጀን ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። አገሩ ሙቀት ነው፣ አረንጓዴ ነገር አይታይም። ስትመጪ ያቺን የወንዝ ዳር ቅጠልሽን በመሐረብ ቋጥረሽ አምጪልኝ። ባልሽ ሙላት።"

እኔ እንዲህ ብዬ አነበብሁላት፤ "ደኅና ነኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ቅዳሜ መኪና ሲመጣ መንገድ ላይ ጠብቂኝ።"

የሳቀችው ለዚያ ነው። ቅዳሜን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን መኪና የሚመጣው ለቅዳሜ ገበያ ብቻ ስለነበር አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅጠሏን ቀብታ ትወርዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት።

በስድስት ወሩ ሁለተኛ መጣ። "መልስ አጣሁ። እግሬ ስለ ተጎዳ ጠልተሽኝ እንደሆነ ልወቀው፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም" ይላል። እኔ "ዘገየሁ፣ ጠብቂኝ" ብዬ አነበብሁ። ሦስተኛ አልመጣም።

ያኔ ቆላ ወርደሽ ወባ እንዳትገድልሽ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እውነቱ ይህ አይደለም። ልጅ አልነበረኝም። አንቺ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስድሽ ከብደሽ ትወርጂ ነበር። ያን ክብደት ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ማሬ በ1996 ስትታመም ልነግራት አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥሁ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው?" አለችኝ። "አይደለም" አልኋት። ቅዳሜ ነበር።

እሷ ካረፈች በኋላ ለአንቺ አባትሽ ሞተ አልሁሽ። መሪጌታ ተዝካር እናውጣ ሲሉኝ ግን በቁም ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት አስፈራኝና አንዴ አዝመራው ከፋ፣ አንዴ ይቆይ እያልሁ አሳለፍሁት። ለካ አንቺ ይህን ታዪ ኖሯል።

ዋናዎቹን ወረቀቶች በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነበር የደበቅኋቸው። ከዚህ ጋር ልኬአቸዋለሁ። ለመገልበጥ መነጽሩ አላስፈለገኝም፤ ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አባትሽ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ይህ እውነቴ ነው።

ስለ ሽቶው የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። የሚጠፋው ለተቀባው ሰው ብቻ ነው ብለሻል።

ታየች

*

ፓርማ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ታየች፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለቱም ወረቀቶች ደርሰውኛል።

ዱብቲ ሰው ልኬ አስጠይቄአለሁ። የሰማሁትን በወረቀት አልጽፈውም። መጥቼ ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ።

የምመጣበትን ቀን አልቆረጥኩም። ቅዳሜ መኪና ሲመጣ መንገድ ላይ ይጠብቁኝ። ሽቶውን ይቀቡት።

የማሬና የሙላት ልጅ፣
የብርጓል

*

ደብረ ኤልያስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየብርጓል፤

አንቱ አልሽኝ። ይገባኛል።

አባ የኋላሸት አዲሱን ክር ባርከው ይዘውልኝ መጡ። "ከእሷ ጋር እስክንገናኝ ይቆይልኝ" አልኋቸው። ሊቆጡኝ ፈልገው ነበር፤ ፊቴን አይተው ተዉት። አሮጌው አንገቴ ላይ ነው።

ዛሬ አራተኛ ቅዳሜዬ ነው። ይህን የምጽፈው መንገዱ ዳር፣ ማሬ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ ሆኜ ነው። የመቅዲ ወንድም አበባው በሚኒባሱ ካለፈ ልሰጠው ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። አሁን በየቀኑ ባጃጅም ሚኒባስም ስላለ በመጣ ቁጥር እነሣለሁ። በሩ ሲከፈት የሚወርደውን ሁሉ አያለሁ። እንዳልመጣሽ ሳይ አዝናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተመስገን እላለሁ፤ የምትነግሪኝን ዛሬ አልሰማሁምና። ማሬ ደስታን ነበር የምትጠብቀው። እኔ የምጠብቀው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ወለተ ሰንበት በበትሯ እየዳሰሰች መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ካልሲውን አሁን እግሯ ላይ አድርጋዋለች።

"ማንን ነው የምንጠብቀው?" ትለኛለች።

"የብርጓልን።"

"መቼ ነው የምትመጣ?"

"አልነገረችኝም።"

"ማሬም እንዲህ ነበር የምትለኝ" ትላለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የምፈልገው ነገር አለ፣ ያደረግሁትን ታውቅ እንደሆነ። አላገኘሁትም። ልጠይቃትም አልደፈርሁ።

ጠዋት ሁለት ጠብታ ተቀብቻለሁ። አጥሩን ሳልወጣ እንደ ልማዱ ጠፋብኝ። እዚህ ከተቀመጥሁ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልሸተተኝም። ስለዚህ መኪና ከሩቅ ሲሰማ ወለተ ሰንበትን እጠይቃታለሁ።

"አለ?"

ወደ አንገቴ ጠጋ ትላለች።

"አለ" ትለኛለች።

ታየች